ሃይብሪድ ለማን ያዋጣል?

ቂርቆስ ውስጥ ጋራዥ ያለው ሰው በየሳምንቱ የሚጠየቀው ነገር አለ፦ «ሃይብሪድ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?» ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ ስልኩ ላይ አንድ ቁጥር ይዞ ይመጣል፤ ለመቶ ኪሎ ሜትር አራት ሊትር ከምናምን። ቁጥሩ ውሸት አይደለም። ነገር ግን የተለካው ታክሲ ድንገት በማይቆምበት፣ እግረኛ በማያቋርጥበት ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው። አውሮፓውያን ራሳቸው በወረቀቱና በመንገዱ መካከል ያለው ልዩነት 40 በመቶ ገደማ ሲደርስባቸው እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የአለካክ ዘዴያቸውን ቀይረዋል። ሶኬት ላይ የሚሰካው ሃይብሪድ ደግሞ ይብስበታል፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የአውሮፓ ኮሚሽን ሪፖርት እንዳሳየው፣ በመንገድ ላይ የሚያወጣው የካርቦን ልቀት ከተጻፈለት ሦስት ተኩል እጥፍ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ባለቤቶቹ ቻርጅ ሳያደርጉ በቤንዚን ይነዱታል።

የእኛም አለካክ ችግር አለበት። የአዲስ አበባ ሰው ቤንዚን የሚቀዳው በሊትር ሳይሆን በብር ነው፤ «የ1,000 ብር ቅዳልኝ» ይላል። ሐምሌ 2014 ዓ.ም. ላይ የሊትሩ ዋጋ 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበርና ይህ ገንዘብ ወደ 21 ሊትር ይገዛ ነበር። በ2017 ዓ.ም. የገና ሰሞን ሊትሩ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ሲገባ ያው 1,000 ብር 10 ሊትር እንኳ አይሞላም ነበር። ስለዚህ «መኪናዋ መብላት ጀምራለች፣ ፈትሽልኝ» የሚለኝን ሰው ካንዴላ ከመፍታቴ በፊት የቴሌብር መልእክቶቹን አስከፍተዋለሁ። የነዳጅ ክፍያ ወደ ስልክ ከዞረ ወዲህ ቀኑም ብሩም እዚያው ተመዝግቦ ይገኛል። ብሩን ለዕለቱ ዋጋ ስናካፍለው ብዙ ጊዜ የሚገኘው ጥፋት ከመኪናዋ ሳይሆን ከዋጋው ነው። ትክክለኛውን ልክ የሚፈልግ ሰው አንድ ጊዜ ሙሉ ያስሞላ፣ ኪሎ ሜትሩን ይመዝግብ፣ እንደ ልማዱ ይንዳ፣ ከዚያም እዚያው ማደያ ተመልሶ እንደገና ሙሉ ያስሞላ። ሁለተኛው የገባው ሊትር እውነቱን ይናገራል።

ታዲያ ሃይብሪድ በእኛ መንገድ ይቆጥባል ወይ? ከአራት ኪሎ ቁልቁል ወደ ካዛንቺስ፣ ከዚያም ወደ መስቀል አደባባይ ለሚመላለስ ሰው፣ አዎ። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ሲያዝ የኤሌክትሪክ ሞተሩ ዲናሞ ሆኖ ባትሪውን ይሞላል፤ መብራት ላይ ስትቆም የቤንዚን ሞተሩ ይጠፋል፤ የፍሬን ሸራም ዕድሜው ይረዝማል። ከፍታችንም ያግዛታል። ከ2,300 ሜትር በላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ተርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛውን ያህል ያጣል፤ የኤሌክትሪኩ ሞተር ግን ስስ አየር አይገደውም። በአዳማ ፈጣን መንገድ ላይ ግን ፍሬን ሳይነካ በ100 ለሚነዳ ሰው መልሳ የምትሰበስበው ጉልበት የለም፤ ብልጫዋም እዚያ ላይ ይሳሳል።

አንድ የራይድ ሹፌር «ጋሼ፣ ያዋጣኛል?» ሲለኝ «በዓመት ስንት ኪሎ ሜትር ትሠራለህ?» ብዬ እጀምራለሁ። እንበል፣ የቤንዚኗ መኪና በከተማ ለመቶ ኪሎ ሜትር 10 ሊትር ትፈጃለች፣ ሃይብሪዷ 6፤ የዋጋ ልዩነታቸው 600,000 ብር፤ ቤንዚን ደግሞ በሊትር 120 ብር። በዓመት 12,000 ኪሎ ሜትር የሚነዳ የቢሮ ሠራተኛ 480 ሊትር ይቆጥባል፤ 57,600 ብር ነው። ልዩነቱን ለመመለስ ከአሥር ዓመት በላይ ይፈጅበታል። 45,000 ኪሎ ሜትር የሚሠራው ሹፌር ግን 1,800 ሊትር፣ ማለትም 216,000 ብር ስለሚያተርፍ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ገንዘቡን ያገኛል። መኪናዋ ያችው ናት፤ የሚለያየው የሰውዬው ውሎ ነው።

ይህ ስሌት የሚቆመው ግን ባትሪው ጤነኛ ከሆነ ነው። ለምሳሌ የሁለተኛውና የሦስተኛው ትውልድ ፕሪየስ ሞተሪኖም የተለመደው ዲናሞም የላቸውም፤ የሁለቱንም ሥራ የሚሠራው የሃይብሪዱ ክፍል ራሱ ነው። ዋናው ባትሪ የተሠራው ከ28 ሞጁሎች ሲሆን የሚቀዘቅዘው ከኋላ ወንበር ጎን ባለች ትንሽ አየር ማስገቢያ ነው። ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማቱ ስትፈርስ በሰነበተችበት ጊዜ እዚያ የሚሠሩ መኪኖችን ፋን ስከፍት ቅጠሎቹ ላይ አቧራው እንደ ብርድ ልብስ ተጋግሮ አገኘው ነበር። አየር ያጣ ባትሪ ይግላል፣ የጋለ ቶሎ ይደክማል፣ ሲደክም ደግሞ ቤንዚኑ ሞተር ሥራውን ይጠቀልለዋል። አንዱን የሞተ ሞጁል አውጥቶ በአሮጌ መተካትም ርካሽ ይመስላል እንጂ ብዙ ጊዜ ሳይቆይ ሌላው ይከተላል።

ጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ ኤሌክትሪክ ካልሆነ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን ተናግረዋል። ስለዚህ ዛሬ ሃይብሪድ የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ሰው የነዳትን ነው የሚገዛው። ግቢው ውስጥ ቻርጅ ማድረግ የሚችል ሰው መጀመሪያ የኤሌክትሪኩን ዋጋ ይጠይቅ። መሰኪያ በሌለበት ፎቅ የሚኖርና ቀኑን ሙሉ ከተማ ውስጥ የሚሠራ ሰው ሃይብሪድ ቢመርጥ አልፈርድበትም። ልጅ ትምህርት ቤት አድርሶ ቢሮ የሚገባው ግን ያለችውን መኪና በወቅቱ ሰርቪስ ቢያስደርግ ይሻለዋል።

ለመግዛት የቆረጠ ሰው ዳሽቦርዱ ላይ የሚታየውን ሊትር አይመን። መኪናዋን በዲያግኖስቲክ ማሽን ያስፈትሽ፤ ፍተሻውም ቆማ ብቻ ሳይሆን ዳገት እየወጣች ይሁን። ቆማ ሳለች እኩል የሚመስለው የሞጁሎቹ ቮልቴጅ ጭነት ሲመጣ ይለያያል፤ የደከመው የሚጋለጠው ያኔ ነው። ሻጩ «ባትሪው አይነካ» ካለ ዋጋ ለማስቀነስ መከራከር አያስፈልግም፤ ሌላ መኪና መፈለግ ነው።