የሸክላ አፈር ሲሚንቶና ጥንካሬው

አዲስ ዓይነት ሲሚንቶ ወደ ገበያ ሲቀርብ ነጋዴውም ሆነ ሥራ ተቋራጩ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ዋጋውና ስለ ጥንካሬው ነው። በአንዳንድ አገሮች መመረት የጀመረው፣ የተቃጠለ የሸክላ አፈርና የኖራ ድንጋይ የተቀላቀለበት ሲሚንቶ፣ ጥንካሬው በጥቂቱ በሚጨመሩ ነገሮች መጠን እጅግ ይለዋወጣል።

የተለመደው ሲሚንቶ ዋና ክፍል የሆነው ክሊንከር፣ የኖራ ድንጋይ ከሸክላ አፈር ጋር በ1,450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሙቀት ሲቃጠል ይገኛል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከድንጋዩ ከራሱ ስለሚወጣ፣ ነዳጅ በመለወጥ ብቻ አይቀርም። በአዲሱ ቅልቅል ግን ከመቶው ክሊንከሩ 50፣ የተቃጠለው ሸክላ 30፣ የኖራ ድንጋይ ዱቄቱ 15፣ ጀሶው 5 እጅ ነው። ሸክላው ከ700 እስከ 850 ዲግሪ ሙቀት ስለሚበቃው፣ ጋዙ ከመቶ እስከ 40 እጅ ይቀንሳል። ቅልቅሉን ያጠኑት የስዊዘርላንድ፣ የኩባና የህንድ ሊቃውንት ናቸው።

ሸክላው ከመቶ 40 እጅ ያህል ካኦሊን ካለው፣ ሲሚንቶው በ7 ቀን ገደማ ከተለመደው ጋር ይተካከላል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግን ወደ ኋላ ይቀራል። በአገራችን ፑሚስ የገባበትን ሲሚንቶ የሚያውቅ ሁሉ ይህ መዘግየት እንግዳ አይሆንበትም። የድጋፉን ጣውላ ቀድሞ ያነሣ ሰው አርማታውን ለአደጋ ያጋልጣል፤ ያዘገየም በደመወዝና በኪራይ ይከስራል።

ይህን የሚያቃኑት ሦስት ጭማሪዎች ናቸው። አንደኛው ጀሶ ነው። ሸክላው አሉሚና ስለሚበዛበት፣ ጀሶው ካነሰ አሉሚናው ያለ ጊዜው ይሠራና ጥንካሬ ሰጪውን የሲሊካ ሥራ ያደናቅፋል። ስለዚህ መጠኑ ለየሸክላው በፈተና ይወሰናል። ሁለተኛው ውሃ ቀናሽ መድኃኒት ነው። ደቃቁ ሸክላ ውሃ ስለሚጠጣ ቅልቅሉ ይጠጥራል፤ ሠራተኛው ውሃ ቢጨምርበት፣ ትርፉ ውሃ ሲደርቅ ባዶ ቀዳዳ ትቶ አርማታውን ያደክማል። ፖሊካርቦክሲሌት የተባለው መድኃኒት ያለ ተጨማሪ ውሃ ያለሰልሰዋል፤ ከልክ ካለፈ ግን መጠንከሩን ያዘገያል። ሦስተኛው አፋጣኝ ነው። ከእነዚህ ርካሹ ካልሲየም ክሎራይድ በአርማታ ውስጥ ያለውን ብረት ስለሚያዝግ፣ ብረት ባለበት ሥራ አይገባም።

እንግዲህ ገዢ የ28 ቀኑን የፈተና ውጤት ብቻ አይቶ አይዋዋል። የ2፣ የ7 እና የ28 ቀኑን ውጤት፣ ያውም ሥራው ላይ በሚጨመረው መድኃኒት የተፈተነውን፣ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባዋል።