ጀግናን የሚያቈዩ ማኅበሮች፤ የአገው ፈረሰኞችና የመጽሔት ጀግኖች ወዳጆች

አንድ ጀግና ካለፈ በኋላ ስሙ የሚቈየው በማን ነው? መንግሥት ሐውልት ሊያቆምለት፣ ትምህርት ቤትም በስሙ ሊሰየምለት ይችላል። ነገር ግን ማንም ሳያዝዛቸውና ደመወዝ ሳይከፈላቸው፣ በየዓመቱ በገዛ ወጪያቸው ተሰብስበው ጀግናቸውን የሚያስታውሱ ሰዎች አሉ። በዚህ አጭር ጽሑፍ እንዲህ ያሉ ሁለት ማኅበሮችን ጎን ለጎን አድርገን ለመመልከት እንሞክራለን። አንደኛው በአዊ ዞን የሚገኘው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ነው። ሁለተኛው በአሜሪካ አገር የቆዩ ርካሽ መጽሔቶችን ጀግኖች የሚወዱ ሰዎች ስብስብ ነው። ነገሩ እጅግ የተራራቀ ቢመስልም አንዱ ከሌላው የሚማረው አለ።

የአዊ ዞን ዋና ከተማ እንጅባራ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። በዚያው መንገድ ወደ ባሕር ዳር ሲቀጥሉ ዳንግላን ያገኛሉ። በዚህ አገር ፈረስ የሀብት ምልክት ብቻ አይደለም፤ ይጫናል፣ ያርሳል፣ ሙሽራ ያጅባል፣ ለለቅሶም ይወጣል። የፈረሰኞቹ ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው። ይኸውም የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር ተሸንፎ ከመውጣቱ በፊት መሆኑ ነው። ዓላማው በዓድዋና ከዚያም በኋላ በነበሩት ዘመቻዎች የተሠለፉትን ፈረሰኞችና ፈረሶቻቸውን ማስታወስ ነው። በዓሉ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ይከበራል፤ በ2017 ዓ.ም. 85ኛው ዓመት ተከብሯል። ቀኑ በፈረስ ተቀምጦ የሚሣለው የቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት ነው። የዓድዋ ድል የተገኘውም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዚሁ በጊዮርጊስ ዕለት እንደ ነበረ አንባቢ ያስታውሳል። ፈረሰኞቹ ፈረሳቸውን በግላስና በልዩ ልዩ ጌጥ አስጊጠው ከየቀበሌው ይመጣሉ፤ ጉግስና ግልቢያም ያሳያሉ። አባላቱ ዛሬ በአሥር ሺዎች የሚቈጠሩ ናቸው።

በአገራችን ጀግናና ፈረስ ተለያይተው አይጠሩም። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ የተባሉት በፈረሶቻቸው ስም ነው። የራስ መኰንን ፈረስ ቃኘውም ስሙ ከባለቤቱ ዘመን አልፎ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ ለዘመተው ጦር መጠሪያ ሆኗል። እንግዲህ የፈረስ ስም ትንሽ ነገር አይደለም፤ በአንድ ቃል የተጻፈ ታሪክ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ማኅበር እንለፍ። ከዚህ ቀጥሎ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። በአሜሪካ አርጎሲ የተባለው መጽሔት በ1896 ከእንጨት ልም በተሠራ ርካሽ ወረቀት ላይ ልብ ወለድ ብቻ ማተም ጀመረ። እንዲህ ያሉ መጽሔቶች በወረቀታቸው ምክንያት ፐልፕ ተባሉ፤ በጥቂት ሳንቲም ስለሚሸጡ ሠራተኛውም ተማሪውም ያነባቸው ነበር። ከጀግኖቻቸው መካከል በ1931 የራሱ መጽሔት የወጣለት ሻዶው እና በ1933 የተከተለው ዶክ ሳቬጅ እጅግ የታወቁ ናቸው። ሻዶው በጨለማ ተሰውሮ ወንጀለኞችን የሚያሳድድ፣ ዶክ ሳቬጅ ደግሞ ከሕፃንነቱ ጀምሮ በሳይንስና በጉልበት የሠለጠነ፣ ክፉዎችን ለመቅጣት ዓለምን የሚዞር ሰው ነው። የሁለቱም መጽሔቶች በ1949 ተዘጉ።

መጽሔቶቹ ቢዘጉም ጀግኖቹ አልተረሱም። ምክንያቱን ለማወቅ ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። በ1926 ሂውጎ ገርንስባክ አሜዚንግ ስቶሪስ የተባለ የሳይንስ ልብ ወለድ መጽሔት አቋቋመ፤ የአንባቢዎችንም ደብዳቤ ከነአድራሻቸው ያትም ጀመር። በዚህ የተነሣ በተለያየ ከተማ የሚኖሩ አንባቢዎች እርስ በርሳቸው መጻጻፍ ቻሉ። ከመጻጻፍም አልፈው በማባዣ መኪና የራሳቸውን ትንንሽ መጽሔቶች ማውጣት ያዙ። ከእነዚህ የመጀመሪያው በ1930 የወጣው ኮሜት ነው ይባላል። በ1940 ሉዊስ ራስል ሾቬኔ የተባለ አንባቢ ለእንዲህ ያለው ጽሑፍ ፋንዚን የሚል ስም አወጣለት፤ ትርጓሜውም የወዳጆች መጽሔት እንደ ማለት ነው። ጄሪ ሲግል እና ጆ ሹስተር የተባሉ ሁለት ወጣቶችም በ1933 ሱፐርማን የሚለውን ስም መጀመሪያ ያወጡት በእንዲህ ያለ በእጅ በተባዛ መጽሔት ላይ ነበር።

ቀጥሎ ጉባኤው መጣ። በ1939 በኒው ዮርክ የመጀመሪያው የሳይንስ ልብ ወለድ ወዳጆች ዓለም አቀፍ ጉባኤ ተደረገ፤ የተገኙትም ሁለት መቶ ያህል ሰዎች ነበሩ። ለፐልፕ መጽሔቶች ብቻ የተለየው ጉባኤ፣ ፐልፕኮን፣ በ1972 በሴንት ሉዊስ ተጀመረ። በ2009 ደግሞ ፐልፕፌስት የሚባለው ተተክቷል። በእነዚህ ጉባኤዎች ሰዎች የቆዩ ቅጂዎችን ይሸጣሉ፣ ይለዋወጣሉ፣ ስለ ደራሲዎቹም ንግግር ያደርጋሉ።

እንግዲህ ሁለቱን እናነጻጽር። የሻዶው ታሪክ ከደራሲ ሐሳብ የወጣ ነው፤ የዓድዋ ፈረሰኛ ግን ደሙን ያፈሰሰ ሰው ነው። ይህ ልዩነት ትልቅ ስለ ሆነ ክብራቸውን አንድ ማድረግ አይገባም። የሚመሳሰሉት በአሠራር ነው፤ ሁለቱም በፈቃድ የተሰበሰቡ፣ ቀን ቈርጠው የሚገናኙ፣ ከአባት ወደ ልጅ የሚያስተላልፉ ናቸው። በጉባኤ ብርታት እንደሆነ እንጅባራ ከሴንት ሉዊስ እጅግ ትበልጣለች። አሜሪካውያኑ የሚበልጡት በዝርዝር መዝገብ ነው። የፐልፕ ወረቀት በውስጡ ባለው አሲድ ምክንያት ይቢጫል፣ ይሰባበራል። ቢሆንም ወዳጆቹ ቅጂዎቹን እየሰበሰቡ ስለ ዘረዘሩ፣ የሻዶው መጽሔት 325 ጊዜ እንደ ወጣና ከነዚህ 282ቱን ዋልተር ጊብሰን እንደ ጻፋቸው ዛሬ ማንም ሊያውቅ ይችላል።

በፈረሰኛው ዘንድ ያለው ዕውቀት ከዚህ የሚያንስ አይደለም። ፈረስን በመልኩ መለየት፣ የዘሩን ሐረግ መቍጠር፣ መግራት፣ መቀለብ፣ ማከም፣ ኮርቻና ልጓም መሥራት፣ በአውኚና በአማርኛ መፎከር፣ ይህ ሁሉ ዕውቀት ነው። በመንገዱ ባጃጅና መኪና በበዙበት ዘመን ግን ከፈረስ ጋር የሚያድገው ልጅ ይህን ሁሉ ከአባቱ እጅ የሚቀበልበት ጊዜ ያጥራል። በዓሉ ፈረሱን ያሳየናል፤ የአያቱን የፈረስ ስም ግን አዛውንቱ ካልነገሩን አናውቀውም።

መጻፍ ምን ያህል እንደሚጠቅም ዳንግላ ራሷ ምስክር ናት። ከ1925 እስከ 1934 በዚያ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማን ስለ ጣናና ስለ ዓባይ ያየውን በ1936 በመጽሐፍ አሳተመ። ዛሬ ስለዚያ ዘመን የሚመራመር ሰው እርሱን ይጠቅሳል፤ ከእርሱ የበለጠ አገሩን የሚያውቁ የዳንግላ ሽማግሌዎች ግን የሚጠቀስ ወረቀት ስላልተዉ ቃላቸው ከእነሱ ጋር ሄዷል።

ምናልባት አንዳንድ ሰው፣ በቃል የሚኖረውን ነገር በወረቀት ብናስረው ሕይወቱ ይጠፋል፤ አንዱ የጻፈውም ብቻ እውነት ተብሎ ይቀራል ይል ይሆናል። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም። ነገር ግን የፋንዚን ጥበብ እዚህ ላይ ነው። ፋንዚን እንደ መጽሐፍ አንድ ጊዜ ወጥቶ አያበቃም፤ በአንደኛው ቍጥር የተሳሳተውን አንባቢው በሁለተኛው ቍጥር በደብዳቤ ያርመዋል። የአንከሻው ሰው የተናገረውን የባንጃው ሰው ሊያሟላው፣ የዳንግላውም ሊከራከረው ይችላል። የተናጋሪው ስምና ቀበሌ ከቃሉ ጋር ከተጻፈ፣ ልዩነቱ ራሱ ለተመራማሪ ሀብት ይሆናል።

ስለዚህ የአካባቢው ተወላጅ የሆኑ ተማሪዎች ለዕረፍት ወደ ቤታቸው ሲመለሱ አንድ ደብተር ቢይዙ መልካም ነው እንላለን። የሚጠየቀው ቀላል ነው፤ የፈረሱ ስም ማን ነበር? ስሙን ማን አወጣለት? ስለ ምን? ባለቤቱ የት ዘመተ? መልሱ በማባዣ መኪና ተባዝቶ ጥር 23 ቀን ለፈረሰኞቹ ቢታደል፣ የሚቀጥለውን ቍጥር የሚጽፉት እነርሱ ይሆናሉ።