በሳሕን ላይ የሞተው ነቀርሳ

ከመዳፍ የምታንስ ባለ ክዳን ክብ ሳሕን በቤተ ሙከራው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣለች፤ በውስጧ ቀላ ያለ ፈሳሽ፣ ከፈሳሹም ሥር ከአንድ ሕመምተኛ ገላ ተወስደው ለብዙ ዓመታት ሲባዙ የኖሩ የነቀርሳ ሕዋሳት ተጣብቀውባታል። ተመራማሪው ከእርድ የተነጠረውን፣ ኩርኩሚን የሚባለውን ቢጫ ንጥረ ነገር ቢጨምርባቸው፣ ውሎ አድሮ ብዙዎቹን ሞተው ያገኛቸዋል፤ በዚህ ሐሰት የለበትም። ዳሩ ግን ይኸው እውነት ከሳሕኗ ወጥቶ ገበያ ሲደርስ «እርድ ነቀርሳን ይፈውሳል» የሚል አዋጅ ይሆንና፣ አልጫችንን የሚያሳምረውን ቅመም ሊሸከመው የማይችለውን ተስፋ ያሸክመዋል።

ሳሕኗ ሆድ የላትም፤ ጉበትም የላትም። በእርሷ ዘንድ ንጥረ ነገሩ ሕዋሱን ያለ አማላጅ ያገኘዋል፤ በሰው ዘንድ ግን ኩርኩሚን በውሃ የማይሟሟ በመሆኑ አንጀት ጥቂቱን ብቻ ይቀበለዋል፤ የተቀበለውንም የአንጀት ግድግዳና ጉበት ፈጥነው ባሕርዩን ይለውጡታል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2001 የታይዋን ሐኪሞች ባወጡት ጥናት፣ በቀን 8 ግራም ኩርኩሚን የዋጡ ሰዎች ደማቸው ሲመረመር፣ ከፍተኛው መጠን በአማካይ ከ2 ማይክሮሞላር በታች ሆኖ ተገኘ፤ በሳሕን ላይ ሕዋሳትን የሚገድለው መጠን ግን ብዙውን ጊዜ ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። የእርድ ዱቄት ከመቶ 3 እጅ ያህል ኩርኩሚን ቢይዝ ነውና፣ 8 ግራሙን ከወጥ ላግኝ የሚል ሰው በየቀኑ ከሩብ ኪሎ የሚበልጥ እርድ መብላት ይኖርበታል፤ በማንኪያ ጫፍ እየቆነጠረች ድስቱ ላይ የምትነሰንስ ባለሙያ ሴት የዚህን ልክ ማጣት ከማንም ይልቅ ታውቀዋለች። እኔን የሚያሳዝነኝ፣ ሐኪም የቀጠረላቸውን ቀን ትተው በእርድ ውሃ የሚጽናኑት ሕሙማን ናቸው፤ በሽታው እነርሱን አይጠብቅምና።

ከዚህ የሚከብደው የቤታ ካሮቲን ታሪክ ነው። አትክልት አዘውትረው የሚመገቡ ሰዎች በሳንባ ነቀርሳ እምብዛም እንደማይያዙ ከታየና፣ በካሮትና በጎመን የሚገኘው ይህ ንጥረ ነገር ሕዋስን ከጉዳት እንደሚጠብቅ ቤተ ሙከራ ከመሰከረ በኋላ፣ የፊንላንድ ሊቃውንት ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 69 የሆኑ 29,133 አጫሽ ወንዶችን በዕጣ ከፋፍለው፣ ለግማሾቹ በየቀኑ 20 ሚሊግራም ቤታ ካሮቲን ያለበት ክኒን ይሰጧቸው ጀመር። በ1994 ውጤቱ ሲገለጥ፣ ቤታ ካሮቲን በወሰዱት ዘንድ የሳንባ ነቀርሳ ከሌሎቹ ይልቅ ከመቶ 18 እጅ በልጦ ተገኘ። በአሜሪካም ያንኑ ከቫይታሚን ኤ ጋር ለአጫሾችና በአስቤስቶስ ሥራ ለኖሩ ሰዎች ይሰጡ የነበሩት፣ ብልጫው 28 እጅ መሆኑን ባዩ ጊዜ፣ በጥር 1996 ሙከራውን ከቀጠሮው 21 ወር አስቀድመው አቆሙት።

ቤተ ሙከራ ይህን አስቀድሞ ያላስጠነቀቀው ለምን ነበር? በቤተ ሙከራ የምትኖረው አይጥ ቤታ ካሮቲንን ገና በአንጀቷ ሳለ ወደ ቫይታሚን ኤ ስለምትለውጠው፣ ከሰው ደም የሚደርሰው ከእርሷ ደም እምብዛም አይደርስም፤ ስለዚህ ለዚህ ጥያቄ የታመነች ምስክር ልትሆን አትችልም ነበር። ፌሬት የተባለችው ቀጭንና ረጅም እንስሳ ግን በዚህ ነገር ሰውን ትመስላለች። ተመራማሪዎች ለፌሬቶች ብዙ ቤታ ካሮቲን ሰጥተው የትንባሆ ጢስ እንዲተነፍሱ ባደረጓቸው ጊዜ፣ የነቀርሳ መንገድ ጠራጊ የሆነው የሕዋስ ለውጥ በሳንባቸው ውስጥ ታየ፤ ይህ ግን በጽሑፍ የወጣው በ1999፣ የፊንላንድ አጫሾች ክኒኑን ለዓመታት ከዋጡ በኋላ ነበረ።