ዝም ያለውን ጣቢያ ማን ይቆጥራል?

በምድር ላይ በቴርሞሜትር ተለክቶ የተመዘገበው ዝቅተኛ የሙቀት መጠን ከዜሮ በታች 89.2 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። የተለካውም አንታርክቲካ ውስጥ ቮስቶክ በተባለው የሶቪየት ጣቢያ እ.ኤ.አ. ጁላይ 21 ቀን 1983 ነበር። ይህን ቁጥር የጠቅላላ ዕውቀት ጥያቄ አዘጋጆች ይወዱታል። እኔን ግን ሰሞኑን የያዘኝ ሌላ ቁጥር ነው። ከሁለቱ ዋልታዎች መልእክት ይልካሉ ተብለው ከሚጠበቁት ጣቢያዎች መካከል ዛሬ ስንቱ ላከ? ስንቱስ ቀረ? ይህን ሲቆጥሩ የሚውሉ ባለሙያዎች አሉ። ሲሰሙት የመዝገብ ቤት ሥራ ይመስላል። ይሁንና የጎደለው በቅጡ ሳይታሰብ በመቅረቱ ዓለም ለዓመታት በአንድ ጉዳይ ላይ ሲነታረክ ኖሯል። ወደዚያ እመለሳለሁ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት ለእያንዳንዱ ጣቢያ መለያ ቁጥር ይሰጣል። 63450 የእኛው ቦሌ ነው፤ በ89 የሚጀምሩት የአንታርክቲካ ናቸው። ጣቢያው በተወሰነለት ሰዓት ሙቀቱን፣ የአየር ግፊቱንና ነፋሱን ለክቶ በኮድ ይልካል። መልእክቱም አገሮች በጋራ በዘረጉት የመገናኛ መረብ አልፎ ትልልቅ የትንበያ ማዕከላት ዘንድ ይደርሳል። አራት ማዕከላት፣ ማለትም የአውሮፓው፣ የአሜሪካው፣ የጀርመኑና የጃፓኑ፣ የደረሳቸውን ዝርዝር ያሳውቃሉ። ዝርዝሩ ከጣቢያው ከሚጠበቀው ጋር ይነጻጸርና ውጤቱ በካርታ ላይ በቀለም ይወጣል። ከሚጠበቅበት 80 በመቶና ከዚያ በላይ ያደረሰ አረንጓዴ ነው። ከዚያ በታች እስከ 30 በመቶ ብርቱካናማ፣ ከ30 በመቶ ያነሰው ደግሞ ቀይ ይሆናል። ምንም ያልተሰማበት ጥቁር ነው።

የሕግ ሰው በመሆኔ ይሁን አላውቅም፣ በዚህ አሠራር ደስ ያለኝ ቆጠራው በተቀባዩ በኩል መካሄዱ ነው። መጥሪያ ወጥቷል ማለትና መጥሪያው ለተከሳሹ ደርሷል ማለት የተለያዩ መሆናቸውን ፍርድ ቤት የተመላለሰ ሁሉ ያውቃል። የጣቢያው ሠራተኛ በታማኝነት ለክቶ ልኮ፣ መልእክቱ ግን መንገድ ላይ ሊቀር ይችላል። ደርሶም ሊጣል ይችላል፤ የጣቢያው ኬክሮስና ኬንትሮስ በመዝገብ ላይ በስህተት ከሰፈረ ኮምፒዩተሩ ልኬቱን የሌላ ቦታ አድርጎ ይወስደዋል፣ አለዚያም አላምንም ብሎ ይተወዋል። ላኪውን ብቻ ብንጠይቅ ሁሉም ነገር ደህና ነው ይለን ነበር።

የዋልታ ዝምታ ደግሞ የራሱ ምክንያቶች አሉት። በክረምት ፀሐይ ለሳምንታት፣ ወደ ዋልታው እየተጠጉ ሲሄዱም ለወራት አትወጣም። ስለዚህ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ አውቶማቲክ ጣቢያ ባትሪው ሲያልቅበት ይተኛል። የነፋስ መለኪያው በአመዳይ ይያዛል፤ በረዶ ምሰሶውን ይውጠዋል። ጠጋኝ የሚደርሰው በበጋ፣ ብዙ ጊዜም በዓመት አንዴ ነው። ሰው ያለባቸው ጣቢያዎችም ቢሆኑ ዋስትና የላቸውም። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1956 የመሠረቱትን የሃሊን ጣቢያ እንውሰድ። ፋርማን፣ ጋርዲነርና ሻንክሊን እ.ኤ.አ. በ1985 የኦዞን ሽፋን መሳሳቱን ለዓለም ያስታወቁት በዚህ ጣቢያ ለዓመታት በተሰበሰበ ልኬት ነው። ጣቢያው ያረፈበት ተንሳፋፊ የበረዶ ንጣፍ በመሰንጠቁ ግን ሃሊ 23 ኪሎ ሜትር ወደ ውስጥ ተጎትቶ ተዛወረ። ከ2017 ጀምሮም ክረምቱን የሚያሳልፍበት ሰው የለም። መሣሪያዎቹ ብቻቸውን እንዲለኩ ተደርጓል።

አሁን ወዳልኩት ንትርክ። በዚህ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አሥርተ ዓመታት «የምድር ሙቀት መጨመር ቆሟል» የሚል ክርክር በየጋዜጣው ነበር። ክርክሩ ከተደገፈባቸው ሰንጠረዦች አንዱ የብሪታኒያ ሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤትና የኢስት አንግሊያ ዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጁት ሃድክሩት የተባለው መዝገብ ነው። አራተኛው እትሙ የሚሸፍነው ከምድር ገጽ 84 በመቶ ያህሉን ነበር። ጣቢያ የሌለበት ቦታ ባዶ ይተዋል፤ ካለው ላይ አማካይ ይሰላል። ይህ በመጀመሪያ ሲታይ ጨዋ አሠራር ነው፤ የማላውቀውን አልናገርም ማለት ነውና። ውጤቱ ግን እንዲያ አይደለም። 60 ተማሪ ካለበት ክፍል 10ሩ ቀርተው የ50ውን አማካይ ውጤት የክፍሉ ነው ብሎ መጥራት፣ ቀሪዎቹም እንደ ሌላው ናቸው ብሎ መፍረድ ነው። የቀሩት ደግሞ በዕጣ የቀሩ አልነበሩም። ከባዶው ውስጥ ዋነኛው አርክቲክ ነበር፤ አርክቲክ ደግሞ ከ1979 ወዲህ ከዓለም አማካይ አራት እጥፍ ገደማ በፈጠነ ሁኔታ የሞቀ አካባቢ ነው። ነጩ በረዶ ሲቀልጥ ከሥሩ ያለው ጥቁር ባሕር የፀሐይን ሙቀት ይመጣልና።

ኬቪን ካውታንና ሮበርት ዌይ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ባዶውን በሳተላይት መረጃና በስታቲስቲክስ ስሌት ሞልተው አሰሉት። ከ1997 ወዲህ የነበረው የሙቀት ጭማሪ ባዶው ሳይሞላ ከታየው ሁለት ተኩል እጥፍ ሆኖ ተገኘ። አንደኛው የኬሚስትሪ ሰው፣ ሌላው ገና የዶክትሬት ተማሪ ነበር። መዝገቡን የሚያዘጋጁት ወገኖችም በ2020 መጨረሻ ባወጡት አምስተኛ እትም ባዶዎቹን በስሌት መሙላት ጀመሩ። በእኔ አስተያየት የዚያ ሁሉ ክርክር ትልቅ ክፍል ስለ ሙቀት ሳይሆን ስለ ቀሪ ምስክሮች ነበር።

ሕጉስ ምን ይላል? እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1 ቀን 1959 በ12 አገሮች የተፈረመው የአንታርክቲካ ስምምነት በአንቀጽ 3 ሳይንሳዊ ምልከታዎችና ውጤቶች ይለዋወጣሉ፣ በነፃም ይገኛሉ ይላል። ሆኖም «በተቻለ መጠን» የምትል ገደብ አለችበት። እኛ ጠበቆች እንዲህ ያለችውን ሐረግ እናውቃታለን፤ ግዴታውን ሙሉ ለሙሉ አታጠፋውም፣ በር ግን ትከፍትለታለች። የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅትም በ1995 ከዚያም በ2021 ባወጣቸው ውሳኔዎች አባል አገሮች መሠረታዊ መረጃን በነፃ እንዲለዋወጡ ደንግጓል። ያላከውን አገር ግን የሚቀጣ ፍርድ ቤት የለም። ያለው ያ የካርታ ቀለም ብቻ ነው።

መረጃው ነፃ ባልነበረበት ጊዜ ምን ይደረግ እንደነበር ማስታወስ ይጠቅማል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአርክቲክ የአየር ሁኔታ የጦር ምስጢር ነበር። ጀርመኖች ስቫልባርድ ደሴቶች ላይ ያሰፈሯቸው 11 የአየር ሁኔታ ለኪዎች እጃቸውን የሰጡት ሴፕቴምበር 4 ቀን 1945፣ አገራቸው ከተሸነፈች ከአራት ወር ገደማ በኋላ ነው። ለዚያውም ለኖርዌያዊ የባሕር እንስሳት አዳኝ መርከብ ካፒቴን።

የዛሬው ዝምታ እንዲህ ያለ ታሪክ የለውም። ሩሲያ ከአርክቲክ ውቅያኖስ ዳርቻ ግማሽ ያህሉን ትይዛለች። ስምንቱ የአርክቲክ አገሮች በ2017 ፌርባንክስ ላይ የሳይንስ ትብብር ስምምነት ፈርመው ነበር። በ2022 የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር ሰባቱ ከሩሲያ ጋር የነበራቸውን የአርክቲክ ምክር ቤት ሥራ አቋረጡ። ዕለታዊው የአየር ሁኔታ መልእክት መምጣቱን ቢቀጥልም፣ የምርምር ጣቢያዎች ግንኙነት ግን ተጎድቷል። አሜሪካ ደግሞ ማንም ጦር ሳያውጅባት በፌብሩዋሪ 2025 አላስካ ውስጥ ኮትዘቡ በተባለ ቦታ የሚለቀቀውን የአየር ሁኔታ ፊኛ ሠራተኛ የለም ብላ አቆመች። በዚያው ዓመት በኦክቶበር የሃሎንግ አውሎ ነፋስ ቅሪት ምዕራብ አላስካን መታ። ኪፕኑክና ክዊጊሊንጎክ የተባሉ መንደሮች በጎርፍ ተጠራረጉ፤ ከ1,000 በላይ ሰዎች ቤታቸውን ጥለው ወጡ። የጎደሉት ፊኛዎች ትንበያውን አዛብተውት ይሆን የሚል ጥያቄም በባለሙያዎች ተነስቷል።

ካርታው ለማንም ክፍት ነው፤ ክፍያም ሆነ ፈቃድ አይጠይቅም። ቀን መርጦ የአንታርክቲካን ነጠብጣቦች ማየት ይቻላል። ወደ ላይ ሲወጡ አፍሪካ አለች፤ የኢትዮጵያ ጣቢያዎችም በዚያው ሚዛን፣ በዚያው አረንጓዴ፣ ቀይና ጥቁር ተለይተው ይታያሉ።