በባብ ኤል መንደብ ስለሚሻገሩ አዕዋፍ

በጅቡቲ ወደብ በኩል ዕቃ የሚያስመጣና የሚልክ ነጋዴ ሁሉ ባብ ኤል መንደብ የተባለውን የባሕር በር በሚገባ ያውቀዋል። በመስከረምና በጥቅምት ግን በዚሁ በር ላይ መርከብ ያልጫነው፥ ቀረጥም የማይጠየቅ ሌላ መንገደኛ ያልፋል፤ ይኸውም የሰሜኑን ብርድ ሸሽቶ ወደ አፍሪቃ የሚሻገረው የአዕዋፍ ሠራዊት ነው።

ንስር፥ ጭልፊትና ጥንብ አንሣ ክንፋቸው ሰፊ፥ አካላቸውም ከባድ ስለ ሆነ፥ ረጅሙን መንገድ የሚጓዙት ይበልጡን ፀሐይ ካሞቀችው ምድር በሚነሣው አየር ላይ በመንሳፈፍ ነው። እንዲህ ያለው አየር በባሕር ላይ እምብዛም አይገኝም። ስለዚህ ባሕሩ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚጠብበት ስፍራ ተሰብስበው፥ ከየመን ዳርቻ ተነሥተው በሰሜን ጅቡቲ በራስ ስያን አጠገብ ወደ አፍሪቃ ምድር ይገባሉ። ረፋዱ ላይ መነጽሩን ይዞ በዳርቻው የቆመ ሰው ይህን ትርኢት ለማየት ይችላል።

ይሁን እንጂ ነገሩ የጊዜ ማሳለፊያ ብቻ አይደለም፤ ቈጠራም ነው። በ1987 እ.ኤ.አ. በመከር ወራት በዚሁ ስፍራ የተቀመጡ ተመልካቾች ከ246,000 የሚበልጡ አዳኝ አዕዋፍ ቈጥረው መዝግበዋል። መዝገብ የሌለው ሱቅ ጉድለቱን እንደማያውቅ ሁሉ፥ ያልተቈጠረ ወፍም ሲጠፋ የሚያስተውለው የለም።

ጥፋቱም አንዳንድ ጊዜ ከንግድ ዕቃ ጋር የተያያዘ ነው። በቀይ ባሕር ዳርቻ በፖርት ሱዳን በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የተዘረጋው የኤሌክትሪክ መሥመር፥ በምሰሶዎቹ ላይ የሚያርፉትን ነጫጭ ጥንብ አንሣዎች ለብዙ ዓመታት ሲገድል ኖሮ በ2014 እ.ኤ.አ. አገልግሎቱ ተቋርጧል። ወፉ ክንፉን ሲዘረጋ ሽቦውንና የምሰሶውን ብረት በአንድ ጊዜ ስለሚነካ በኤሌክትሪክ ኃይል ይሞታል።

ይህ ነጭ ጥንብ አንሣ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ብዙዎቹ ክረምታቸውን የሚያሳልፉት ወደ ጅቡቲ በሚወስደው መንገዳችን በአፋር ምድር ነው፤ በዚያም የሞተ ከብት እየበሉ፥ በሽታ የሚያመጣውን ጥንብ ያለ ደመወዝ ያጸዳሉ።

ስለዚህ የኤሌክትሪክ ምሰሶ፥ ሽቦና ስኒ የምታስመጡ ነጋዴዎች ዕቃውን በምታዙበት ጊዜ፥ የሽቦውን መሸፈኛ አብራችሁ ብትጠይቁና በሽቦና በብረት መካከል ያለው ርቀት እስከ 170 ሴንቲ ሜትር ከሚደርሰው የወፉ ክንፍ የሚበልጥ እንዲሆን ብታስታውሱ መልካም ነው። የሞተ ወፍ መሥመሩንም ሊያቋርጥ ስለሚችል፥ ጥንቃቄው ለወፉ ብቻ ሳይሆን መብራት ለሚጠብቀው ሱቅና ወፍጮ ቤትም ይጠቅማል።