በጭነት መኪና የተጓዘው ባዶነት

ከደባርቅ ተነሥቶ ሊማሊሞን የሚወርድ የጭነት መኪና ዛሪማ እስኪደርስ የሹፌሩ ልብ ከፍሬኑ፣ የረዳቱ ልብ ከጭነቱ አይለይም። መንገዱ የተጠረበው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። በሐምሌ 1962 እ.ኤ.አ. ደግሞ እዚያው ጣሊያን ውስጥ አንድ የጭነት መኪና ከዚህም የባሰ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ዕቃ ጭኖ ወደ ፈረንሳይ አቀና።

ዕቃው «አዳ» ይባላል። ሮም አጠገብ በምትገኘው ፍራስካቲ የተሠራ፣ ኤሌክትሮንንና ፖዚትሮንን በአንድ ቀለበት ውስጥ በተቃራኒ አቅጣጫ በማዞር የመጀመሪያው መሣሪያ ነው። ፖዚትሮን በክብደቱ ከኤሌክትሮን እኩል ነው፤ የኤሌክትሪክ ሙሉ ግን ተቃራኒ ነው። ስለዚህ አንዱን የሚያጎብጠው ማግኔት ከወዲያ የሚመጣውንም በዚያው መንገድ ያዞረዋል፤ ሁለት ቀለበት አያስፈልግም። ይህን ያሰበው የቪየናው ተወላጅ ብሩኖ ቱሼክ ነው። እናቱ አይሁዳዊት በመሆኗ በናዚ ዘመን ከዩኒቨርሲቲ የተባረረ ሰው ነበር። ሐሳቡን በመጋቢት 1960 ለባልደረቦቹ አስረዳ፤ ዓመት ሳይሞላ፣ በየካቲት 1961፣ አዳ ሥራ ጀመረች።

ፊት ለፊት ማጋጨቱ ለምን አስፈለገ? የቆመ መኪና ሲገጩት ወደፊት ይገፋል፤ ከጉልበቱ ከፊሉ በመግፋት ያልቃል። እኩል የሚሮጡ ሁለት መኪኖች ፊት ለፊት ሲላተሙ ግን ጉልበቱ ሁሉ እዚያው ያርፋል። በጥቃቅኑ ዓለም ያ ጉልበት አዲስ ቅንጣት ሆኖ ሊወለድ ይችላል።

የአዳ ቀለበት ዙሪያው 4 ሜትር ያህል ነው። ቅንጣቶቹ በአንድ ሴኮንድ ከ70 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ይዞሩታል። መንገዳቸው ላይ አየር ካገኙ ተላትመው ይጠፋሉ፤ ስለዚህ የቱቦው አየር ተመጥጦ መውጣት አለበት። አንዴ አየር ከገባ መልሶ ማጽዳቱ ብዙ ልፋት ነው። በዚያ ጉዞ የተጫነው ትልቁ ሀብት እንግዲህ ብረቱ አልነበረም፣ በውስጡ ያለው ባዶነት ነበር። መኪናው ከባድ ባትሪዎች ጭኖ ፓምፖቹ መንገዱን ሁሉ እየሠሩ ሄዱ። ኬላ ላይ ፈታሹ «ውስጡን ልይ» ማለቱ ይነገራል። ቢከፈት ኖሮ ድካሙ ሁሉ በባከነ ነበር!

አዳ ያን ያህል መንገድ የሄደችው በፓሪስ አቅራቢያ ኦርሴ የነበረው የቅንጣት ማፍጠኛ ብዙ ፖዚትሮን ስለሚሰጥ ነው። እዚያም ሁለቱ ጨረሮች በእርግጥ እንደሚጋጩ ተረጋገጠ። የአውሮፓው የቅንጣት ፊዚክስ ተቋም ሰርን በ1989 በ27 ኪሎ ሜትር ዋሻ ውስጥ ያስጀመረው ሌፕ የተባለው የኤሌክትሮንና የፖዚትሮን ማጋጫ የዚህችው ትንሽ ቀለበት ዘር ነው።

አዳ ዛሬ በፍራስካቲ ቤተ ሙከራ ግቢ ተጠብቃ ለጎብኚ ትታያለች። ዛሪማና ደባርቅ ያላችሁ የፊዚክስ መምህራን፣ ስለ ቫኪዩም ስታስተምሩ እባካችሁ ይህን መኪና አንሡላቸው። ልጆቹ ጭነት ሲጠበቅ በየቀኑ ያያሉ።