በመዝናኛ ፓርክ መጫወቻዎች ላይ የሚያጋጥም ራስ ማዞር፦ ምክንያቱ፣ መከላከያውና ሐኪም የሚያስፈልግበት ጊዜ

የትምህርት ቤት እረፍት ወይም የበዓል ሰሞን ሲደርስ ብዙ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ወደ መዝናኛ ፓርክ ይሄዳል። አዲስ አበባ ላይ ቦራ፣ ቢሾፍቱ ላይ የኩሪፍቱ የውሃ ፓርክ አሉ፤ ኑሯቸው ባሕር ማዶ የሆነ ወገኖቻችን ደግሞ ትልልቆቹን ሮለር ኮስተሮች ይሞክራሉ። በጨዋታው መሃል ግን አንዱ ከመጫወቻው ወርዶ አጥር ተደግፎ ይቀራል። ምድር ትዞርበታለች፣ ቀዝቃዛ ላብ ያጠምቀዋል፣ ያቅለሸልሸዋል። ከአጠገቡ ያለ ሰው ወዲያው ምክንያቱን ይነግረዋል፦ «ደም ማነስ ነው»፣ «ግፊትህ ከፍ ብሎ ነው»። የራሱን የደም ግፊት ክኒን አውጥቶ የሚሰጥም አይጠፋም።

አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ሁለቱም አይደሉም። ከሚሽከረከር ነገር ላይ ወርዶ ለአጭር ጊዜ ማዞር ውስጠኛው ጆሮ ሥራውን እየሠራ መሆኑን ያሳያል። ስለዚህ ሲያዞርዎት ወይም ልጅዎን ሲያዞረው ከሁሉ አስቀድመው ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ምን ያህል ጊዜ ቆየ? አብሮት ምን መጣ? ተፈጥሯዊውን ማዞር ከአሳሳቢው የሚለዩት እነዚህ ሁለት መልሶች ናቸው።

«አዞረኝ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

በአማርኛ «አዞረኝ» የምንለው ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ስሜቶችን ነው። መፍትሔያቸው ስለሚለያይ ለይቶ ማወቅ ይጠቅማል።

• አዙሪት (ቨርቲጎ)፦ እርስዎ ወይም ዙሪያዎ ያለው ነገር የሚሽከረከር ሲመስልዎት ነው። መነሻው ብዙውን ጊዜ ውስጠኛው ጆሮ ነው።

• የጉዞ ሕመም፦ ማቅለሽለሽ፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ማዛጋት፣ የምራቅ መብዛት፣ የፊት መገርጣት፣ በመጨረሻም ማስመለስ። የዓባይን በረሃ ጠመዝማዛ መንገድ በአውቶቡስ ሲወርዱ የሚሰማው ስሜት ይኸው ነው።

• ራስን ሊስቱ የመቃረብ ስሜት፦ ዐይን ይጨልማል፣ ጉልበት ይከዳል፣ ድምፅ ይርቃል። ይህ ለጊዜው ወደ አንጎል የሚደርሰው ደም መቀነሱን ያመለክታል።

በጆሮ ውስጥ ምን ይከሰታል?

በእያንዳንዱ ውስጠኛ ጆሮ ውስጥ በፈሳሽ የተሞሉ ሦስት ግማሽ ክብ ቱቦዎች አሉ። ራስዎ ሲዞር ፈሳሹ በመጠኑ ወደ ኋላ ይቀርና በውስጡ ያሉትን እንደ ፀጉር የቀጠኑ የስሜት ሕዋስ ጫፎች ያጎብጣቸዋል፤ አንጎልም «እየዞርኩ ነው» የሚል መልእክት ይደርሰዋል። ከእነዚህ ቱቦዎች ጎን ደግሞ ጥቃቅን የካልሲየም ቅንጣቶች ያሉባቸው ሁለት ከረጢቶች አሉ። እነዚህ ወደ ላይና ወደ ታች መሄድን፣ መፍጠንንና ማዘንበልን ይለካሉ።

ሻይ አማስለው ማንኪያውን ቢያወጡት ሻዩ ለጥቂት ጊዜ መዞሩን ይቀጥላል። የሚሽከረከረው ሲኒ ሲቆምም በጆሮዎ ያለው ፈሳሽ እንደዚያው ወዲያው አይቆምም። እግርዎ «ቆመናል» ሲል ጆሮዎ «እየዞርን ነው» ይላል፤ የዐይንዎ ብሌንም ወዲያና ወዲህ ይርገበገባል። ይህ አዙሪት በአብዛኛው በግማሽ ደቂቃ ገደማ ይረጋጋል። የኦስትሪያው ሐኪም ሮበርት ባራኒ ይህንኑ የሚዛን አካል በማጥናቱ እ.ኤ.አ. የ1914ን የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። በስሙ የሚጠራው ተሽከርካሪ የምርመራ ወንበርም ከፓርኩ ሲኒ ብዙም አይለይም።

ታዲያ ማቅለሽለሹ ከየት ይመጣል?

አንጎል የሰውነትን እንቅስቃሴ የሚያውቀው ከዐይን፣ ከጆሮና ከጡንቻ በሚደርሰው መረጃ ነው። ሦስቱ ሲስማሙ ችግር የለም። ሲጋጩ ግን፣ ለምሳሌ ጆሮ «እየተንቀሳቀስን ነው» ሲል ዐይን ደግሞ ፊት ለፊት ያለውን የማይንቀሳቀስ ወንበር ሲያይ፣ የጉዞ ሕመም ይነሳል። በሁለቱም ጆሮ የሚዛን አካላቸው ሙሉ በሙሉ የተጎዳ ሰዎች የጉዞ ሕመም አይዛቸውም። የሕመሙ መነሻ ከሆድ ይልቅ ጆሮ እንደሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ሁሉም ሰው እኩል አይጋለጥም። ከ2 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን እምብዛም አያገኛቸውም፤ ለአካለ መጠን ባልደረሱ ልጆች ላይ ግን ይበረታል። ማይግሬን ያለባቸው ሰዎች፣ ነፍሰ ጡሮችና በአጠቃላይ ሴቶች ይበልጥ ይጋለጣሉ። ስለዚህ ልጅዎ ከጓደኞቹ ይልቅ ቶሎ የሚያዞረው ከሆነ «ፈሪ» አይበሉት፤ የአንጎሉ ጠባይ ነው።

ዐይን የሚያጨልሙት መጫወቻዎች

ፈጣን ሮለር ኮስተር ሌላ ጫና ይጨምራል። በአቡ ዳቢው ፌራሪ ወርልድ ያለው ፎርሙላ ሮሳ 5 ሰከንድ ባልሞላ ጊዜ በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። በየትኛውም ሮለር ኮስተር ላይ ሠረገላው ቁልቁል ወርዶ ሽቅብ በሚታጠፍበት ቅጽበት ሰውነትዎ ከክብደቱ ብዙ እጥፍ የከበደ ያህል ወደ ወንበሩ ይጫናል፤ ደምም ወደ እግር ይወርዳል። በባዶ ሆድ የዋለ፣ በፀሐይ ውሃ የጠማው ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው በዚህ ጊዜ ዐይኑ ሊጨልምበት ይችላል። የእግርና የሆድ ጡንቻን ማጥበቅ ደሙን ወደ ላይ ለመመለስ ይረዳል።

ከመሄድዎ በፊት

• ከመጫወትዎ 1 ወይም 2 ሰዓት በፊት ቀለል ያለ ነገር ይብሉ፦ ዳቦ፣ ቂጣ ወይም ሙዝ። ቅባት የበዛበት ምግብና አልኮል ማቅለሽለሽን ያባብሳሉ።

• የሚጾሙ ከሆነ ከባድ መጫወቻዎችን ከፈሰኩ በኋላ ላለው ሰዓት ያቆዩ። ውሃ የሚጠጡበት ቀን ከሆነ በየመሃሉ ይጠጡ።

• እንቅልፍ አጥተው ካደሩ ወይም ጉንፋን ጆሮዎን ደፍኖት ከሆነ የሚሽከረከሩትን ይለፏቸው።

በመጫወቻው ላይ

• ራስዎን ከመደገፊያው ጋር አጥብቀው ያስደግፉ፤ አያዙሩት፣ አይነቅንቁት። ሰውነት እየተሽከረከረ ራስን ማዘንበል ወይም ዞሮ ማየት ማዞርን ከሚያባብሱ ነገሮች ዋነኛው ነው። ስልክ ጎንበስ ብሎ ማየትም ያው ነው።

• በዥዋዥዌው መርከብና በሮለር ኮስተር ላይ ዐይንዎን ራቅ ወዳለ ቋሚ ነገር ወይም ወደሚሄዱበት አቅጣጫ ያድርጉ። በሚሽከረከር ሲኒ ላይ ግን ውጭው ሁሉ ስለሚዞር አብሮዎት የሚዞረውን፣ ለምሳሌ የሲኒውን መሪ ወይም የልጅዎን ፊት፣ መመልከት ብዙዎችን ይረዳል።

• በመርከቡ ላይ ጫፍ ላይ ከመቀመጥ መሃል መቀመጥ ይሻላል፤ ጫፉ ከመሃሉ የበለጠ ከፍና ዝቅ ይላል።

• በፊልምና በሚነቃነቅ ወንበር በሚሠሩት መጫወቻዎች ላይ ካቅለሸለሽዎት ዐይንዎን ይጨፍኑ። አንጎልን በዋናነት የሚያታልለው ምስሉ ነው።

• በአንድ ቀን ብዙ አይደራርቡ። ከቀላሉ ጀምረው ቀስ በቀስ ይጨምሩ፤ አንጎል ይለምዳል።

ከወረዱ በኋላ

የጥበቃ ገመዱን ወይም ሰው ይያዙና ቀስ ብለው ይውረዱ፤ ከዚያ ይቀመጡ። ዐይንዎን በአንድ የማይንቀሳቀስ ነገር ላይ ቢተክሉ አዙሪቱ ቶሎ ይቆማል። ንጹሕ አየር ይውሰዱ፣ ውሃ በትንሽ በትንሹ ይጎንጩ። ዐይን ከጨለመብዎት በጀርባዎ ተኝተው እግርዎን ከፍ ያድርጉ። ማቅለሽለሹ ከማዞሩ ዘግይቶ ሊለቅ፣ አንዳንዴም አንድ ሁለት ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ሙሉ በሙሉ እስኪለቅዎት መኪና አይንዱ፤ ወደ ሌላ መጫወቻም አይውጡ።

መድኃኒትን በተመለከተ

እንደ ዳይመንሃይድሪኔት፣ ሜክሊዚንና ሲናሪዚን ያሉ መድኃኒቶች የጉዞ ሕመምን ይከላከላሉ። ይሁንና የሚሠሩት አስቀድመው ሲወሰዱ ነው፤ ብዙዎቹ ከመጫወቱ ቢያንስ ከግማሽ ሰዓት እስከ 1 ሰዓት በፊት መወሰድ አለባቸው። ማስመለስ ከጀመረ በኋላ የተዋጠ ክኒን ብዙም አይጠቅምም። እንቅልፍ ስለሚያመጡ ከወሰዱ አይንዱ፤ ከአልኮል ጋርም አይቀላቅሉ። የዐይን ግፊት ወይም የፕሮስቴት ዕጢ ችግር ካለብዎት፣ ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም ለልጅ ሊሰጡ ካሰቡ ፋርማሲስት ወይም ሐኪም ያማክሩ። ፕሮሜታዚን ከ2 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ፈጽሞ አይሰጥም፤ አተነፋፈስን ሊያቆም ይችላል።

ዝንጅብልን በሚመለከት የተደረጉ ጥናቶች ውጤታቸው አንድ ዓይነት አይደለም። ሆኖም በሻይ ወይም በምግብ መጠን መሞከሩ ጉዳት የለውም።

ማዞሩ በማግስቱ አልጋ ላይ ከተመለሰ

ይህን በተለይ ልብ ይበሉ። ከጨዋታው ማግስት ወይም ከጥቂት ቀናት በኋላ አልጋ ላይ ሲገላበጡ፣ ከመደርደሪያ ላይ ዕቃ ለማውረድ ቀና ሲሉ ወይም ጫማ ለማሰር ሲያጎነብሱ ክፍሉ ሁሉ የሚዞርብዎት ከሆነ፣ ቀጥ ብለው ሲቆዩም ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ የሚለቅዎት ከሆነ፣ ከካልሲየም ቅንጣቶቹ ጥቂቶቹ ከከረጢታቸው ወጥተው ወደ ግማሽ ክብ ቱቦው ገብተው ይሆናል። ይህ ያለ ምንም ምክንያት፣ በተለይም ከ50 ዓመት በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ ይከሰታል፤ ራስ ሲመታ ወይም በኃይል ሲናጥም ሊመጣ ይችላል።

ስሜቱ ቢያስፈራም ችግሩ አደገኛ አይደለም፤ ሕክምናውም ቀላል ነው። ሐኪሙ አልጋ ላይ በፍጥነት ያስተኛዎትና የዐይንዎን እንቅስቃሴ ያያል። ከዚያም ራስዎን ደረጃ በደረጃ በማዞር ቅንጣቶቹን ወደ ቦታቸው ይመልሳል፤ ይህ ዘዴ የኤፕሊ ዘዴ ይባላል። የሚወስደው ጥቂት ደቂቃ ሲሆን ብዙ ታካሚዎች በአንድ ወይም በጥቂት ጊዜ ይድናሉ። ምልክቱ ግልጽ ከሆነ የራስ ሲቲ ስካን ወይም ኤም አር አይ አያስፈልግም።

ለዚህ ችግር የማዞር ክኒን ለወራት የሚውጡ ብዙ ሰዎች አሉ። ክኒኑ ስሜቱን ያደበዝዝ ይሆናል እንጂ ቅንጣቱን ወደ ቦታው አይመልስም። ሲናሪዚንን ለረጅም ጊዜ መውሰድ ደግሞ በተለይ በአረጋውያን ላይ የእጅ መንቀጥቀጥና የእንቅስቃሴ መዘግየት ሊያመጣ ይችላል። እናትዎ ወይም አባትዎ ይህን መድኃኒት በየወሩ እያሳደሱ የሚወስዱ ከሆነ ሐኪማቸው ጋር ወስደው እንደገና ያስመርምሯቸው።

አስቸኳይ ሕክምና የሚያስፈልገው መቼ ነው?

እምብዛም ባይሆንም ራስንና አንገትን በኃይል የሚንጡ መጫወቻዎች የአንገት ደም ሥር መሰንጠቅ ወይም የራስ ቅል ውስጥ መድማት ያስከተሉባቸው አጋጣሚዎች በሕክምና መዛግብት ተመዝግበዋል። ከሚከተሉት አንዱ ካለ «ያልፋል» ብለው አይጠብቁ፦

• ድንገተኛ፣ ከዚህ በፊት አይተውት የማያውቁት ከባድ ራስ ምታት ወይም በአንድ ወገን የሚበረታ የአንገት ሕመም
• የፊት መጣመም፣ የንግግር መኮላተፍ፣ ሁለት ሁለት ማየት፣ የእጅ ወይም የእግር መስነፍ ወይም መደንዘዝ
• ያለ ድጋፍ መቆም ወይም መራመድ አለመቻል
• ራስን መሳት፣ የደረት ሕመም ወይም ያልተስተካከለ የልብ ምት
• የአንድ ጆሮ ድንገት መስማት ማቆም
• ማስመለሱ አልቆም ሲል ወይም አዙሪቱ ሳያቋርጥ ለሰዓታት ሲቀጥል

በኢትዮጵያ ውስጥ ካሉ የቀይ መስቀል አምቡላንስን በ907፣ አሜሪካ ካሉ 911 ይደውሉ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎችና አረጋውያን አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል፦ ከጨዋታው ቀናት ወይም ሳምንታት በኋላ እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ መፍዘዝ ወይም ግራ መጋባት ከመጣ ለሐኪሙ ስለ መጫወቻው ጭምር ይንገሩት።

ከባድ መጫወቻ ላይ መውጣት የሌለበት ማን ነው?

ነፍሰ ጡሮች፣ የልብ ሕመም ወይም ያልተቆጣጠሩት የደም ግፊት ያለባቸው፣ የሚጥል በሽታቸው በመድኃኒት ያልተገታ፣ በቅርቡ የአንገት፣ የጀርባ ወይም የዐይን ቀዶ ጥገና ያደረጉ፣ ራሳቸውን ተመትተው ገና ያላገገሙ እንዲሁም በቅርብ ጊዜ የአዙሪት ሕመም የተነሳባቸው ሰዎች ቢቀርባቸው ይሻላል። በመግቢያው ላይ የሚለጠፈውን የቁመትና የጤና ማስጠንቀቂያ ያንብቡ፤ ልጅዎ ቁመቱ «ትንሽ ነው የጎደለው» ብለው አያሳልፉት።

በአጭሩ፦ ከወረዱ በኋላ በደቂቃዎች እየቀለለ የሚሄድ ማዞር እረፍት ይበቃዋል። ሲገላበጡ የሚመላለስ ከሆነ ቀጠሮ ይዘው ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ከራስ ምታት፣ ከንግግር መኮላተፍ ወይም ከመስነፍ ጋር የመጣ ከሆነ ግን በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ይህ ጽሑፍ ለግንዛቤ የቀረበ ስለሆነ የሐኪም ምርመራን አይተካም።